ባሕሩ ሲሸሽ፦ ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ

ረቡዕ

ከቦሌ ሞምባሳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጥምቀት ገና ማለፉ ነው፤ አዲስ አበባ ጧት ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሞምባሳ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ግን የተቀበለን ነፋስ ሳይሆን እንፋሎት ነው። ሹራቤን ደረጃው ላይ አወለቅኩ።

አብረውኝ የተጓዙት አጎቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምጽዋ ላይ አገልግለዋል። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ባሕር አይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ከላንጋኖና ከሐዋሳ ሐይቅ ያለፈ ውኃ አላየሁም። እንግዲህ አንዱ የናፈቀው፣ ሌላው የማያውቀው ባሕር ፊት ልንቆም ነው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያው ዋናው ምድር ላይ ስለሆነ ወደ ከተማዋ የሚገባው ውኃውን በሚያቋርጥ መንገድ ነው። በሰሜን በኩል የኒያሊ ድልድይ አለ። በደቡብ በኩል ሊኮኒ ላይ ሰውና መኪና አንድ ላይ በፌሪ ይሻገራሉ። ለእግረኛ ነፃ ነው። ዕቃችንን ሆቴል ጣልን እና ምንም ጉዳይ ሳይኖረን በፌሪው ሄደን ተመለስን። ዶሮ የያዘ፣ ብስክሌት የሚገፋ፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ሁሉም ተጠቅጥቆ ቆሟል። ጋሼ አጥሩን ይዘው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሲያዳምጡ ነበር። «ይኼ ማሽን ደክሟል» አሉ በመጨረሻ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ቆይተው ባሕር ላይ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይኼው ነው።

ከተማው ውስጥ በኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። ሞይ ጎዳና ላይ ደግሞ ሁሉም ቱሪስት ፎቶ የሚነሳባቸው ግዙፍ የዝሆን ጥርሶች ተሻግረው ቆመዋል። ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ላይ ይሻላሉ፤ በአካል ሲታዩ በመኪና ጥሩምባ መሃል የቆሙ ማስታወቂያዎች ይመስላሉ።

አመሻሽ ላይ የሞምባሳ ሰው የሚነፍሰው ማማ ንጊና በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ነው። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነበር፣ እኔም ምን እንበላ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ስጋቴ ከንቱ ነው። ቪያዚ ካራይ የሚሉት አለ፦ የተቀቀለ ድንች በቢጫ ሊጥ ተነክሮ በትልቅ ብረት ድስት ይጠበሳል፣ የሁመር ስጎ ይፈስበታል። በስሱ የተጠበሰ ካሳቫም አለ፤ ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬና ሎሚ ነስንሰው በወረቀት ይሰጣሉ። በላዩ ላይ የአረንጓዴ ኮኮናት ውኃ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ፍስክ የለበትም። ጋሼ ሁለተኛ ዙር ድንች አዘዙ።

ሐሙስ

ፎርት ጂሰስ ጧት በጊዜ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ከረፋዱ በኋላ ግንቡ እንደ ምጣድ ይግላል። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት ምሽግ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ከላይ ሲታይ የተጋደመ ሰው ቅርጽ አለው፣ ጭንቅላቱ ወደ ባሕሩ ነው። ግድግዳው ከኮራል ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ የጥንት የባሕር ፍጥረታት ቅርጽ ይታያል።

አስጎብኚያችን ደጋግሞ የሚያወራው ስለ አንድ ከበባ ነው። የኦማን አረቦች ምሽጉን በ1696 ከበው የያዙት በ1698 መጨረሻ ነው። ከውስጥ ያሉትን የጨረሳቸው ከጥይቱ ይልቅ ረሃብና በሽታ ነው። ሊረዳቸው የመጣው «ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና» የተባለው መርከብ በ1697 እዚያው ከምሽጉ ሥር ሰጠመ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጠላቂዎች ያወጧቸው ዕቃዎች ሙዚየሙ ውስጥ ተደርድረዋል። ጋሼ ከዚያ ክፍል አልወጣም አሉ። እንግሊዞች በተራቸው ምሽጉን ወህኒ ቤት አደረጉት፣ እስከ 1958 ድረስ። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ2011 ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን ፖርቱጋሎቹ ላይ ተነሳባቸው። ጎዋ ወስደው ክርስትና አንስተው ያሳደጉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። ምሽጉን በድንገት ያዘ፣ የነበሩትን ጨረሳቸው። በዓመቱ እኛ ጋ ፋሲለደስ ነገሡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሰባኪዎች ከአገር ማስወጣት ጀመሩ። የሞምባሳውና የጎንደሩ አንዱ ስለ ሌላው የሰማ አይመስለኝም። ግን የሁለቱም ትዕግሥት ያለቀው በአንድ ሰሞን ነው።

ከምሽጉ ወጥቶ በግራ ሲታጠፉ አሮጌው ከተማ ይጀምራል። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈ ሞልቷል። በሮቹ በአበባ ሐረግ የተቀረጹ ናቸው፤ ከላይ የእንጨት ሰገነት ይንጠለጠላል፣ ከሥሩ ድመት ይተኛል። የማንድሪ መስጊድ በ1570 የተሠራ ነው ይላሉ፤ ነጭ ቀጭን ሚናራው ከሩቅ ይታያል።

ማዕዘን ላይ አንድ ሽማግሌ ከሰል ላይ የተቀመጠ የናስ ጀበና ይዘው ቡና ይሸጣሉ። ካሃዋ ቱንጉ ይባላል። ስኳር የሌለው፣ ዝንጅብል ያለበት፣ በትንሽ ሲኒ የሚቀርብ ጥቁር ቡና ነው። ከጎኑ በኮኮናት ወይም በለውዝ የተሠራ ካሻታ የሚሉት ጣፋጭ ይቆረጥለታል። ጋሼ ቀምሰው ዝም አሉ። ሽማግሌው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። «ኢትዮጵያ» ስንላቸው ሳቁና «እንግዲያውስ እናንተ ፊት ቡና አልሸጥም፣ ተፈርዶብኛል» አሉ በእንግሊዝኛ። ቡናው ጥሩ ነበር። ከኛ በላይ ነው አልልም፤ ግን ላብ እየተንቆረቆረ ትኩስ ነገር መጠጣት እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እዚያ ገባኝ።

ዓርብ

ወደ ሰሜን ጉዞ። ቁርሱ ማሃምሪና ምባዚ ነው። ማሃምሪ በኮኮናት ወተትና በሄል የተቦካ፣ በዘይት የተጠበሰ ሦስት ማዕዘን ዳቦ ነው። ምባዚ አተር የምትመስል ጥራጥሬ በኮኮናት ወተት ቀቅለው የሚያቀርቡት ወጥ። ይኼም የጾም ነው! የባሕሩ ዳር ሰው ሳያውቀው ለዓርብና ለረቡዕ የሚመች ኩሽና ሠርቶልናል።

መንገድ ላይ ባምቡሪ የሚገኘው ሃለር ፓርክ አረፍን። ድሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ የሚቆፍርበት የጨረቃ መሬት የመሰለ ጉድጓድ ነበር። ሬኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ ከ1971 ጀምሮ ዛፍ ይተክልበት ገባ። በዚያ አፈር አልባ ድንጋይ ላይ የጸደቀለት ካዙሪና ነው፣ እኛ ሸውሸዌ የምንለው። ቅጠሉ ግን ረገፈና ሳይበሰብስ ተከመረ። ከዚያ ሺ እግር የሚባሉትን ትሎች አምጥቶ ለቀቀባቸው። እነሱ ቅጠሉን እየበሉ አፈር ሠሩለት። ዛሬ ጫካ ነው፤ ቀጭኔ ከእጅህ ላይ ይበላል። ከ2004 ሱናሚ በኋላ እናቱን ያጣው ኦወን የተባለ ጉማሬ፣ ምዜ የሚባል በጣም ያረጀ ኤሊ እንደ እናት የተጠጋው እዚህ ነው። ልጅ ላለው ሰው ይኼ ብቻውን ጉዞውን ያዋጣል።

ከዚያ ወዲያ በሁለቱም ወገን የቃጫ እርሻ ነው፣ መስመር በመስመር። ኪሊፊ ድልድይ ላይ ሾፌሩ ቀስ አለልን። ከታች ባሕሩ ወደ ምድር ገብቶ እንደ ወንዝ ተኝቷል፣ ጀልባዎች ነጭ ነጭ ሆነው ይታያሉ። አልቆምንም፤ ማታቱ በሚሉት የሕዝብ ሚኒባስ ነው የተሳፈርነው፣ ማታቱ ደግሞ ለውበት አይቆምም።

ዋታሙ የደረስነው ወደ 10 ሰዓት ነው። ባሕሩ ሞልቶ የሆቴላችንን የድንጋይ ደረጃ ይልሳል። አሸዋ የሚባል ነገር አይታይም። «ፎቶው ላይ ያለው ሰፊ የባሕር ዳር የት ሄደ?» ብዬ ተቆጣሁ። ጋሼ የጨረቃዋን ቀን በልባቸው ቆጠሩና «ነገ ጧት ታይዋለሽ» አሉ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

ቅዳሜ

አየሁት። ጧት ባሕሩ የለም።

እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ትናንት ደረጃውን ሲመታ የነበረው ውኃ ሄዷል። በቦታው ነጭ አሸዋ እስከ ሩቅ ድረስ ተዘርግቷል፣ ትናንት ደሴት የነበሩት እንጉዳይ የመሰሉ ቋጥኞች በእግር የሚደረስባቸው ሆነዋል። ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመዋል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በቀጭን ብረት ድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የግቡ ቋሚ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከውኃ በታች ይሆናል።

ጋሼ ያስተማሩኝ ይኼ ነው፦ በጨረቃ ሙላትና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የፀሐይና የጨረቃ ስበት ይደመርና ውኃው አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይጎድላል። በኬንያ ጠረፍ በእንደዚህ ያለ ቀን ልዩነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ወለሉ ዝርግ ስለሆነ ያቺ 3 ሜትር ወደ ጎን ስትለካ በጣም ብዙ ትሆናለች። በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፣ በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። «ምጽዋ ላይ እንዲህ ርቆ አይሄድም» አሉ። ቀይ ባሕር በጠባብ በር የተዘጋ ነው፤ የውቅያኖሱን ያህል አይተነፍስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ምጽዋ ሳይቆዝሙ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ጀልባ ነጂያችንን «መቼ እንነሳ?» አልነው። «ሳ ንኔ» አለ። አራት ሰዓት ማለት ነው። እኔ በእንግሊዝኛ አስር ሰዓት የሚለውን እየጠበቅኩ ሂሳብ ልሠራ ስል ጋሼ «በቃ አራት ሰዓት ነው፣ ምን ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓቱን የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ ጧት ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ሲያወራ ወደ ፈረንጁ ይቀይራል፣ ልክ እኛ ከውጭ ሰው ጋር እንደምናደርገው። ለፈረንጅ ቱሪስት ራስ ምታት ነው። እኛ ግን ውጭ አገር ሆነን ሰዓት መቀነስና መደመር ሳያስፈልገን የቀረው እዚህ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት የተባለበት ምክንያት ውኃው ነው። ባሕሩ ሲጎድል ኮራሉ ወደ ላይ ይቀርባል፣ ብርሃንም ይደርሰዋል። ዋታሙና ማሊንዲ በ1968 የተከለሉ የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች ናቸው፤ በኬንያ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ማስክና ቱቦ ሰጡኝ። ዋና የምችለው እንደ ነገሩ ነው፤ የሕይወት ጃኬት አስሬ፣ የጀልባውን ገመድ ይዤ ፊቴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ።

ቢጫና ጥቁር ሰንበር ያላቸው፣ ሰማያዊ፣ በቀቀን የመሰሉ ዓሦች አፍንጫዬ ሥር ያልፋሉ። አይፈሩም። በቀቀን ዓሣ የሚባለው ኮራሉን በጥርሱ ሲፈጭ ድምፁ ይሰማል፤ ቋቅ ቋቅ ይላል። ከሆዱ የሚወጣው ደግሞ አሸዋ ነው። ያ ሁላችንም ፎቶ የምንነሳበት ነጭ አሸዋ በከፊል የዓሣ ኩስ ነው ማለት ነው። ይኼን ለጋሼ ስነግራቸው ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እሳቸው አልጠለቁም። «እኔ መርከበኛ እንጂ ዓሣ አይደለሁም» ነው መልሳቸው።

ከሰዓት በኋላ የኤሊ ማከሚያ ጣቢያ ሄድን። ዓሣ አጥማጅ መረቡ ውስጥ ኤሊ ከገባበት ይደውላል፣ ይመጣሉ፣ ለድካሙ ትንሽ ይከፍሉታል፣ ኤሊዋን መዝነውና ምልክት አስረው ይለቋታል። የታመመችውን ያክሟታል። አንዷ ገንዳ ውስጥ ከላይ ተንሳፋ መጥለቅ አቅቷት አየን። ላስቲክ ስለምትበላ ሆዷ በጋዝ ይነፋል አሉን። ኬንያ የላስቲክ ከረጢት የከለከለችው በ2017 ነው፤ እውነትም መንገድ ላይ አይታይም። ሱቅ ገብተን ለሸመትነው ማንጎ ከረጢት ስንጠይቅ ባለሱቁ ደንግጦ ነው ያየን።

እሁድ

ጌዲ ፍርስራሽ ከዋታሙ በባጃጅ ትንሽ መንገድ ነው። እነሱ ቱክቱክ ይሉታል።

ጫካ መሃል የተደበቀ የስዋሂሊ ከተማ ነው። መስጊዶች፣ ቤተ መንግሥት፣ የጉድጓድ ውኃ፣ ቅጥር፣ ሁሉም ከኮራል ድንጋይ። የባኦባብ ዛፎች በግድግዳው ላይ ቆመዋል፣ ሥሮች በመስኮት ይገባሉ። አንድ መቃብር ላይ ዓመተ ምሕረት ተቀርጿል፤ በሂጅራ 802፣ ማለትም 1399። ቁፋሮውን በ1948 የጀመረው ጄምስ ከርክማን የሚባል እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ነው። ቤቶቹ የተሰየሙት በተገኘባቸው ነገር ነው፦ የመቀስ ቤት፣ የዛጎል ቤት፣ የቻይና ሳንቲም ቤት። የቻይና ሸክላና የቬኒስ ጨሌ ሳይቀር ተገኝቷል። ቤት ውስጥ መጸዳጃና የመታጠቢያ ቦታ ነበራቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ይኼን ያላገኘ ስንት ሰፈር አለ!

ግራ የሚያጋባው ይኼ ነው። ፖርቱጋሎች ከጌዲ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በምትርቀው ማሊንዲ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ስለ ጌዲ ግን አንድ ቃል አልጻፉም። ወይ አላዩትም፣ ወይ በሌላ ስም ነው የሚያውቁት። ከተማው ባዶ የቀረው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። ጉድጓዶቹ መድረቃቸው ይጠቀሳል፤ ወራሪዎችም ይጠቀሳሉ። ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ ከኛ ወገን በኩል ወደ ደቡብ የተስፋፋው የኦሮሞ እንቅስቃሴ ነው። ዛሬም ከማሊንዲ በስተሰሜን በታና ወንዝ ዳር ኦርማዎች ይኖራሉ፤ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው። አስጎብኚው ይኼን ሲነግረን ፈገግ እያለ «እናንተ ናችሁ ያባረራችሁን» አለ። ጋሼ «ታሪክ ነው፣ ይቅርታ» አሉት በእንግሊዝኛ፣ በጣም ቁም ነገር ባለው ድምፅ። ልጁ ሊሞት እስኪደርስ ሳቀ። ጌዲ በ2024 የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ዝንጀሮዎቹን ተጠንቀቁ። ሙዝ ይዛችሁ ከገባችሁ ሙዙ የእናንተ አይደለም።

አመሻሹን ሚዳ ክሪክ አሳለፍን። ባሕር ወደ ምድር ገብቶ የፈጠረው ሰፊ ኩሬ ነው፣ ዙሪያውን ማንግሮቭ ነው። ማንግሮቭ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ጭቃው አየር ስለሌለው ሥሩን እንደ ጣት ወደ ላይ አውጥቶ ይተነፍሳል። እዚህ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮራል ለማየት ውኃው እንዲጎድል ይፈለጋል፤ በታንኳ ማንግሮቩ መሃል ለመግባት ደግሞ መሙላት አለበት። ያን ቀን የሞላው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። ቀዛፊው ጊሪያማ ከሚባለው የአካባቢው ብሔረሰብ ነው፣ ያለ ሞተር በረጅም እንጨት እየገፋ ይወስዳል። ጋሼ እንጨቱን ተቀብለው ሞከሩት። ታንኳው ቀጥ ብሎ ሄደ! ልጁ «ካፒቴን» እያለ ጠራቸው፤ እስክንለያይ ድረስ ስማቸው እሱ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በእንጨት ድልድዩ ተራምደን በሰፈሩ ሰዎች የሚተዳደር ምግብ ቤት ገባን። የክራብ ሳምቡሳ አለ። እኔ አራት በላሁ። ጋሼ ሜኑውን አገላብጠው «ሸርጣን አልበላም፣ መጽሐፍ ከልክሏል» አሉና ዓሣ በኮኮናት አዘዙ። እሱም ጣፋጭ ነው፤ ከሰል ላይ ተጠብሶ ወፍራም ስጎ ይቀቡታል።

ሰኞ

ማሊንዲ ትንሽ ጣሊያን ናት። ሱቁ በጣሊያንኛ ተጽፏል፣ ጄላቶ ይሸጣል፣ የባሕር ዳር ልጆች «ቻው ቤላ» ይላሉ። የጣሊያኖች መምጣት ከጠፈር ጋር የተያያዘ ነው ቢባል ማን ያምናል? በ1960ዎቹ ጣሊያን ከማሊንዲ በስተሰሜን ባሕሩ ላይ ሳን ማርኮ የሚባል የሮኬት መተኮሻ መድረክ አቆመች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ሮኬት ለማስወንጨፍ ይመቻል፤ ምድር ስትዞር የምትሰጠው ግፊት እዚያ ይበልጣል። ከሰማይ የሚመጣን የኤክስሬይ ጨረር ለማጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተተኮሰችው ከዚሁ ነው፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት በዓል ስለነበር «ኡሁሩ» ተባለች፣ ነፃነት ማለት ነው። ዛሬ የባሕር ዳሩን የሞሉት ግን ጡረተኞችና ፒዛ ቤቶች ናቸው። ማኪያቶ ጠጣሁ። ቦሌ ላይ ያለው ይሻላል፤ ወገንተኛ ነሽ ብትሉኝም።

የቫስኮ ዳ ጋማ ምሰሶ ባሕሩ ውስጥ በገባ ቋጥኝ ላይ የቆመ ነጭ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ከፖርቱጋል የመጣ የድንጋይ መስቀል አለ። ዳ ጋማ በ1498 ሲመጣ ሞምባሳ በጥርጣሬ ነው የተቀበለችው። የሞምባሳ ባላንጣ የሆነችው ማሊንዲ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ ወደ ሕንድ የሚመራው መርከበኛም ሰጠችው። ማሊንዲ እንግዳ መቀበል ታውቃለች፤ ከዚያ በፊትም በ1415 ለቻይና ንጉሥ ቀጭኔ ልካለች።

ጋሼ ምሰሶው ሥር ቆመው «ልጁ እኮ እኛ ጋ ነው የሞተው» አሉ። ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ፣ የዚሁ የቫስኮ ልጅ፣ በ1541 አራት መቶ ነፍጠኛ ይዞ በምጽዋ በኩል ገባ። ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ሊሰለፍ ነው። በ1542 ከኢማም አህመድ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ፣ ተማርኮ ተገደለ። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ ዣቪየር የተባለው የኢየሱሳውያን ሰባኪ ወደ ሕንድ ሲያልፍ ማሊንዲ ላይ አርፎ ነበር፤ ትንሿ የሣር ክዳን የፖርቱጋል ጸሎት ቤት ከምሰሶው ብዙም አትርቅም። ሄደን አየናት። ከአንድ ሳሎን አትበልጥም። ግቢዋ መቃብር ነው።

ከሰዓት በኋላ ማራፋ። ከማሊንዲ አንድ ሰዓት ገደማ በመኪና ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው። ዝናብና ነፋስ የቦረቦሩት ገደል ነው፤ ነጭ፣ ሮዝ፣ ብርቱካን፣ ደም የመሰለ ቀይ ሹል ሹል ግንብ ከሥር ይነሳል። የሲኦል ኩሽና ይሉታል፣ ውስጡ ገብቶ ለተራመደ ስሙ ውሸት የለውም። የሰፈሩ ሰው የሚያወራው ታሪክ አለ። እዚህ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በጣም ሀብታም ስለነበር በላም ወተት ገላውን ይታጠብ ነበር። ድሃ ጎረቤቶቹ ግን ጾማቸውን ያድራሉ። እግዚአብሔር ተቆጥቶ መሬቱን ከነቤቱ ዋጠው፤ ነጩ ወተቱ ነው። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትጠጋ ቀለሙ ይጋጋላል፣ መቆየት ያለበት ያኔ ነው። ጉልበታቸው ስላመማቸው ጋሼ ከላይ ቀሩ። ስመለስ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ካሹ እየፈለፈሉ አገኘኋቸው። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ወሬያቸው ግን ደርቷል።

ማክሰኞ

ጧት በአውቶቡስ ወደ ሞምባሳ፣ ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቻለሁ። ማሊንዲ ገበያ ለቤት የገዛሁት ማቡዩ ነው፣ የባኦባብ ፍሬ በቀይ ስኳር ተለውሶ። ጣትና ምላስ ያቀላል፣ ልጆች ይወዱታል። ጋሼ የደረቀ ዓሣ ካልገዛሁ ብለው ነበር፤ ሽታውን አስታውሼ አስተውኳቸው።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፦ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የጨረቃዋን ቀን እዩ። ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ከሆነ ባሕሩ ጧት አራት ሰዓት አካባቢ ይሸሻል፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ይመለሳል፣ ፕሮግራማችሁን በዚያ ሥሩ። ውኃው ጥርት የሚለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ዝናብና የደቡብ ነፋስ ይመጣል። በጎደለ ባሕር ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፣ የባሕር ጃርት እሾህ ከእግር አይወጣም። ገንዘብ አብዛኛው ቦታ በኤምፔሳ ነው የሚከፈለው፣ ባጃጅ ሳይቀር፤ ትንሽ ጥሬ ሽልንግም ያዙ። ወባ ስላለ መድኃኒቱን ሐኪም ጠይቃችሁ ያዙ፣ አጎበር የሌለው ክፍል አትቀበሉ። ላሙ የምትባለውን ጠባብ መንገዷ ላይ አህያ የሚመላለስባትን የደሴት ከተማ ለማየት ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን መሄድ ይቻላል። እኛ አልሄድንም። ጋሼ ግን ለሚቀጥለው ጥር ከአሁኑ ቀን እየቆረጡ ነው።